አሥራ አራተኛው ዘንባባ

ባጠፋሁት ጥፋት የምኮራ ሰው ነኝ። እንዲህ ስላችሁ «ይህችስ ዓይኗን በጨው የታጠበች ናት» ማለታችሁ አይቀርም። በሉ፣ ግድ የለም። ብቻ ነገሩን እስከ መጨረሻው ስሙኝና ከዚያ ፍረዱ።

ትርንጎ ስመኘው እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ዳባት ነው። ነገሩ በሆነ ጊዜ ደባርቅ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ የሥነ ሕይወት ቤተ ሙከራ ረዳት ሆኜ ከተቀጠርሁ ሁለት ወር ሆኖኝ ነበር። «ረዳት» ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ብርጭቆ አጥባለሁ፣ ማይክሮስኮፕ እወለውላለሁ፣ ጠረጴዛ አስተካክላለሁ። የሙከራ ጊዜዬ ሦስት ወር ስለሆነ አንድ ወር ቀርቶኛል። ከዚያ በኋላ ወይ ቋሚ እሆናለሁ፣ ወይ ጓዜን ጠቅልዬ ዳባት እገባለሁ። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ውጤት ስላልመጣልኝ ዲፕሎማዬን ይዤ ስንከራተት ቆይቼ ያገኘሁት የመጀመሪያ ሥራ ነበርና እንደ ዓይኔ ብሌን ነበር የምጠብቀው።

አባቴ መሪጌታ ስመኘው ይባላሉ። ዳባት አጠገብ ባለ ደብር ግስና ቅኔ ሲያስተምሩ ጠጉራቸው ሸብቷል። ከዛሪማ ቆላ ለሆሳዕና ዘንባባ ተጭኖ ሲመጣ ተረክበው የሚያዘጋጁትም እሳቸው ናቸው። እኔ የመጨረሻ ልጃቸው ነኝና ከአምስት ዓመቴ ጀምሮ ከአጠገባቸው ተቀምጬ መስቀልና ቀለበት ስታታ ነው ያደግሁት። ኮሌጅ ውስጥ ግን ይህን ለማንም ተንፍሼ አላውቅም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አፍር ነበር። ዕውቀት ማለት በእንግሊዝኛ ተጽፎ ነጭ ጋውን ለብሶ የሚመጣ ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባል የለ?

ኅዳር ላይ ከአዲስ አበባ ሁለት ትልልቅ ካርቶኖች መጡልን። ፕሮፌሰር የሺመቤት የሚባሉ፣ ዕድሜያቸውን በዕፅዋት ጥናት ያሳለፉ ሴት ጡረታ ሲወጡ ለኮሌጃችን የሰጡት ስጦታ ነው። በወጣትነታቸው ለትምህርት ደቡብ አሜሪካ ሄደው ሳለ በየአገሩ እየዞሩ የለቀሟቸው የዘንባባ ቅጠሎች ናቸው፤ አሥራ አራት ቅጠል፣ አሥራ አራት ዓይነት። በየቅጠሉ ላይ የዛፉ ስም፣ የተገኘበት አገር፣ ጠባዩና የለቃሚዋ ስም በታይፕ የተጻፈበት ትንሽ ወረቀት በሙጫ ተለጥፏል። እስከዚያ ድረስ ዘንባባ አንድ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ወንዝ ዳር የሚኖር አለ፣ ሐረግ ሆኖ ሌላ ዛፍ ላይ የሚወጣ አለ፣ እንደ ቁጥቋጦ ከጥላ ሥር የሚያድግ አለ።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ይስማው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው መጡ። ቀጭን፣ ቁጡ፣ ሥራቸውን ግን እንደ ጸሎት የሚያከብሩ ሰው ናቸው።

«ትርንጎ፣ አሁን ጎንደር እወርድና ሰኞ ጠዋት ፕሮፌሰሯን ይዤ እመለሳለሁ። ስንደርስ ቅጠሎቹ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረው ላግኛቸው። አውጥቶ መደርደር ብቻ። ገባሽ?»

«ገብቶኛል ዶክተር።»

«ብቻ ነው ያልሁሽ። ምልክቱ የጠፋ ቅጠል ድርቆሽ ነው፤ ለከብት ከመስጠት በቀር አይጠቅምም።»

ይህን ብለው ሄዱ። እኔም ካርቶኖቹን ከፈትሁ።

የደባርቅን የኅዳር ንፋስ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከንፈር ይሰነጥቃል እንኳን ቅጠል። የመጀመሪያውን ሳነሣው ቀጭ አለ። ሁለተኛውን ሳነሣ ከጫፉ ትንሽ ተሰብሮ እጄ ላይ ቀረ። ያን ድምፅ ሆዴ ያውቀዋል። ለሆሳዕና የመጣ ዘንባባ ሲደርቅ የሚያሰማው ድምፅ ነው፤ እንዲያ ሲል ቤታችን ውስጥ «ውሃ! ውሃ!» ይባላል። ወዲያው ውሃ ይርከፈከፍበትና በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ያድራል። ጠዋት እንደ ቆዳ ለስልሶ እንደ ፈለጉ ይታጠፋል።

እንግዲህ የዶክተሩን «ብቻ» ረሳሁት። ረሳሁትም አይባል፣ ለሳቸው ስል መሰለኝ። ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ውሃ አርከፈከፍሁባቸው፣ የመጋረጃ ጨርቅ ነክሬ ጠቀለልኋቸው፣ ወደ ካርቶኖቻቸው መልሼ ክፍሉን ቆለፍሁና ሥራዬን አሳምሬ ወደ ቤቴ ሄድሁ። እንዴት ኮርቼ እንደ ሄድሁ ብታዩ።

ቅዳሜ ጠዋት መጥቼ ጨርቁን ስፈታ ቅጠሎቹ ለስልሰዋል። ወረቀቶቹ ግን ሙጫቸው ሟሙቶ አሥራ አራቱም ከካርቶኖቹ ግርጌ ተከምረዋል። ጽሑፉ ይነበባል፤ የትኛው የማን እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። ቅጠሎቹን ያየኋቸው ገና በዋዜማው፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ወለሉ ላይ ተቀመጥሁ። ዶክተሩን ልደውል ብዬ ስልኬን ሦስት ጊዜ አነሣሁ፣ ሦስት ጊዜ አስቀመጥሁ። «ለከብት» ያሉት ጆሮዬ ላይ ያቃጭላል።

ካለቀስሁ በኋላ ራሴ ልለያቸው ልሞክር አልሁ። ዶክተሩ ስለ ሞቃታማው የአሜሪካ ክፍል ዘንባባዎች አመዳደብ ለተማሪዎች ያዘጋጁት ጽሑፍ መሳቢያ ውስጥ ነበር። አወጣሁና አንዱን ቅጠል ከአንዱ ወረቀት ጋር ማስተያየት ጀመርሁ። ሁለት ሰዓት ለፍቼ አራት ያህል ገጣጠምሁ፤ መልሼ ሳየው ከአራቱ ሁለቱን ራሴም አላመንኋቸውም። ያኔ ነው እጄን ያየሁት። ጣቶቼ ሳላዛቸው አንዷን ቅጠል አጥፈው ቀለበት መታታት ጀምረዋል። ደንግጬ ለቀቅኋት። በዚያው ቅጽበት አባቴ ትዝ አሉኝ።

ቅጠሎቹን በደረቅ ጨርቅ አደራርቄ፣ በሰሌን ጠቅልዬ፣ ወረቀቶቹን በፖስታ፣ የዶክተሩን ጽሑፍ በቦርሳዬ አድርጌ ወደ መናኸሪያ ሄድሁ። የኮሌጅ ንብረት ያለ ፈቃድ ማውጣት ሁለተኛ ጥፋት እንደሆነ አውቃለሁ። አንዴ የረጠበ ውሃ አይፈራም።

ሚኒባሱ ገበያተኛ ሞልቶታል። ሾፌሩ ጥቅልሉን አይቶ ሳቀ።

«ምነው እህቴ፣ ሆሳዕናን በኅዳር አመጣሻት?»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አጠገቤ የተቀመጡ ባልቴት ከጥቅልሉ ጫፍ የወጣውን ቅጠል ዳሰስ አድርገው፣ «የኔ ልጅ፣ ለቀለበት ያህል አንዲት ስንጣቂ ስጪኝ፤ ለበረከት» አሉኝ።

«አይሆንም እማማ፤ የመንግሥት ነው።»

«ዘንባባ ከመቼ ወዲህ ነው የመንግሥት የሆነው?»

«ከአሜሪካ የመጣ ነው።»

«ታዲያ የአሜሪካው ለጌታ አይነጠፍም?»

ተሳፋሪው በሳቅ አወካ። እኔ ግን ዳባት እስክንደርስ ጥቅልሉን እንደ ሕፃን አቅፌ፣ የባልቴቷን ጣት ስጠብቅ ነው የሄድሁት።

አባቴ ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው ከቤታችን ደጃፍ ከወይራው ሥር ተቀምጠዋል። ሳለቅስ ሲያዩኝ በስመ ሥላሴ አማተቡ። ሁሉንም ነገርኋቸው። ውሃ አርከፈከፍሁበት ስላቸው «ደግ አደረግሽ» ሊሉ አፋቸውን ከፍተው የወረቀቱን ነገር ሲሰሙ መልሰው ዘጉት።

«እስቲ አምጪያቸው» አሉ።

ሰሌኑን ዘርግቼ አሥራ አራቱንም ደረደርሁላቸው። የአባቴ ዓይን ደክሟል። ቅጠሎቹን በአውራ ጣታቸው ከግርጌ እስከ ጫፍ እየዳሰሱ አለፉ። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ለመሆኑ አንቺ እንዴት ነበር ስትለዪ የቆየሽ?» አሉኝ።

«አንዱን ስም አነብና የሚመስለውን ቅጠል እፈልጋለሁ።»

«እሱ ነዋ የበደለሽ። ስም ይዘሽ ቤት ትፈልጊያለሽ እንዴ? ልጀ፣ ስም ያሳስታል። እንግዶቹ ስሜን ተራራ ሲወጡ የደጋውን ተክል ጅባራን አይተው ዘንባባ ነው ይሉት የለም? ቁመቱ እንዲያ፣ አናቱ እንዲያ፤ ግን ጅባራ ዘንባባ ነው?»

«አይደለም።»

«ቀተለና ቀደሰ ሦስት ሦስት ፊደል ናቸው። ተማሪ ቁሙን ብቻ ጽፎ ሲያያቸው መንትያ ይመስሉታል። እኔ ምን እለዋለሁ? አርባው፣ በየመልኩ ለውጠው እለዋለሁ። ሲያረባው አንዱ ይቀትል ይላል፣ አንዱ ይቄድስ ይላል። ያኔ ቤታቸው፣ ወገናቸው፣ ለየብቻ እንደሆነ ይወጣል። ሰምቶት የማያውቀው ግስ ቢመጣበት እንኳ በእርባታው ቤቱን ያገኘዋል። ይኸም እንዲያው ነው። መጀመሪያ ቤት፣ ስም ኋላ።»

ከቦርሳዬ የዶክተሩን ጽሑፍ አወጣሁ። ምን ብዬ ልንገራችሁ! የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው እሱው ራሱ ነው። ዘንባባ በመልኩ አይመደብም፤ ቅጠሉ እንዴት እንደተከፈለ፣ እንዴት እንደተጣጠፈ፣ አበባው ከየት እንደሚወጣ እየታየ በወገን በወገኑ ይገባል ይላል። በእንግሊዝኛ ሦስት ጊዜ ያነበብሁት ነገር በአባቴ አፍ በአንድ ጊዜ ገባኝ።

ሥራ ጀመርን። መጀመሪያ በሁለት ከፈልናቸው፤ እንደ ማራገቢያ የተዘረጉትን አንድ ወገን፣ እንደ ወፍ ላባ ከግራና ከቀኝ የተሰነጠቁትን አንድ ወገን። ማራገቢያዎቹ አምስት፣ ላባዎቹ ስምንት ሆኑ። አንዷ ጭራሽ ያልተሰነጠቀች፣ ከጫፏ ብቻ እንደ ዓሣ ጅራት የተከፈለች ናትና ለብቻዋ አስቀመጥናት፤ ወረቀቷም ወዲያው ተገኘ። ከማራገቢያዎቹ ውስጥ ዘንጉ ቅጠሉ መሐል ድረስ ዘልቆ የገባውና ያጎበጠው ሳባል የሚባለው ሆነ። ዘንጉ ግራና ቀኝ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው ደግሞ ሰው ከቅጠሉ ሰም አራግፎ የሚወስድበት ሆኖ ተገኘ። እኔ ወረቀቱን እያነበብሁ እተረጉማለሁ፤ አባቴ ይዳስሳሉ፤ ሲስማማ ወረቀቱን በክር አስራለሁ።

ቅዳሜን እንዲያ አመሸን። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቀጠልን። ላባዎቹ አስቸገሩን፤ ጫፏ ላይ መንጠቆ ያላት፣ ሐረግ ሆና የምትወጣዋ ግን ራሷን አጋለጠች። ከዚያ አንዲት ጀርባዋ አመድ የነፉበት የመሰለች መጣች።

«ይህችኛዋ የብርድ አገር ናት አባየ። ተራራ ላይ፣ ጉም ውስጥ ነው የምትበቅለው። ግንዷ ሰም የለበሰ፣ ከዘንባባ ሁሉ ረዥሟ እሷ ናት ይላል።»

«ዘንባባ በደጋ?»

«እንዲያ ይላል።»

«እንግዲያውስ የስሜን ሰው ናት በዪኝ» አሉና ሳቁ። ከቅዳሜ ጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅሁት ያኔ ነበር።

ቀኑ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ሲል አሥራ ሁለቱ ታሰሩ። የቀሩት ሁለት ቅጠልና ሁለት ወረቀት ናቸው። ሁለቱም ወረቀቶች እሾኻም ይላሉ፤ አንዱ ባክትሪስ፣ አንዱ አክሮኮሚያ። ሁለቱም ቅጠሎች እሾህ አላቸው። የመጀመሪያው ላይ ጥቁር መርፌ ያለ ሥርዓት፣ በዘንጉም በቅጠሉም ገጽ ተተክሎበታል፤ ባክትሪስ እሱ መሆኑ አላጠራጠረንም። አሰርሁት። ከዚያ በኋላ ምን ቀረ? አንድ ቅጠል፣ አንድ ወረቀት። ልቤ በደስታ ሊዘል ደረሰ። ክሩን በጥርሴ በጥሼ ላስር ስል አባቴ እጄን ያዙ።

«ተያት።»

«ለምን አባየ? የቀረችው እሷ ናት። አሥራ አራት ለአሥራ አራት ሞላልን እኮ።»

«ቁጥር ሞላ ተብሎ ስም አይሰጥም። ይህችማ የኛ ናት።»

«ሁሉም ከአሜሪካ ነው የመጡት!»

«ከፈለገችበት ትምጣ። ስንት ዘመን ከዛሪማ ስቀበላት የኖርሁ፣ እጄን ስትወጋኝ የኖረች፣ እኔ አጣታለሁ? ነይ ዳስሻት።»

ጣቴን ይዘው ከዘንጉ ግርጌ ጀምረው ወሰዱኝ። መጀመሪያ ረዥም ጠንካራ እሾህ ነበር። ትንሽ ከፍ ሲል እሾህም ቅጠልም ያልሆነ ነገር መጣ። ከዚያ በላይ እውነተኛው ቅጠል። ሁሉም በአንድ መስመር፣ በተራ በተራ። «ይኸ እሾህ የተተከለ አይደለም፤ ሲፈጠር ቅጠል ሊሆን የነበረ ነው። ያኛው ግን መርፌ የተሰካበት ነው» አሉኝ። ቀጠሉና አንዷን ቅጠል ከዘንጉ ጋር ከምትገናኝበት ቦታ ያዟት። «አሁን እጥፋቷን እዪ። ዝናም ቢዘንብባት ውሃው የት ይሄዳል?»

እጥፋቷ ወደ ላይ የተከፈተ ነው። «ውስጧ ይቋጠራል። እንደ አሸንዳ ናት» አልሁ።

«የሌሎቹንስ?»

ሰባቱን ላባዎች ተራ በተራ አነሣሁ። ሁሉም ወደ ታች የታጠፉ ናቸው፤ እንደ ቤት ጣራ፣ ውሃውን ግራና ቀኝ የሚያወርዱ። አንድም የተለየ የለም። ለሆሳዕና ሁልጊዜ ቅጠሉን ከውስጥ ከፍተን የምንታታው ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም ነበር። አሸንዳ ስለሆነ ነው ለካ።

ጽሑፉን ገለጥሁ። አራተኛው ገጽ ላይ አገኘሁት። የላባ ቅጠል ያላቸው የአሜሪካ ዘንባባዎች ሁሉ እጥፋታቸው ወደ ታች ነው። ከጥቂት የእስያ ዘንባባዎች በቀር ላባ ሆኖ ወደ ላይ የሚታጠፍ የተምር ወገን ብቻ ነው፤ አገሩም አፍሪካና እስያ ነው። የኛው የሆሳዕና ዘንባባ፣ ሰሌን የሚሠራበት ዛፍ፣ የዚያ ወገን ነው።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ። ይህን ማለት እኮ ቅጠሉን የለቀሙት፣ ያስተማሩበት ፕሮፌሰር ተሳስተዋል ማለት ነው። ማን ነው የሚለው? ብርጭቆ አጣቢዋ።

«አባየ፣ ይህችን አስሬ ብሄድ ማንም አያውቅም። ጥፋቴም ተሸፈነ፣ ሥራዬም ተረፈ። ባዶዋን ይዤ ብሄድ ግን ለምን ባዶ ሆነች ይሉኛል። ከዚያ የውሃው ይወጣል፣ እዚህ ማምጣቴ ይወጣል። ያባርሩኛል።»

አባቴ ክሩን ከእጄ ወሰዱ።

«ጉባኤ ላይ ሳያውቅ ግስ ያበላሸ ተማሪ ይታረማል» አሉ። «እያወቀ ያበላሸ ግን ከጉባኤው ይወጣል። እነሱ ቢያስወጡሽ የነሱ ነገር ነው። አንቺው ራስሽን እንዳታስወጪ።»

ሰኞ በመጀመሪያው ሚኒባስ ደባርቅ ገባሁ። አሥራ ሦስቱን በየምልክታቸው ደረደርሁ። አሥራ አራተኛዋን ቅጠል ያለ ምልክት አኖርሁና «አክሮኮሚያ» የሚለውን ወረቀት ራቅ አድርጌ ለብቻው አስቀመጥሁ። ጥግ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ቁርስ እንኳ አልቀመስሁም።

ዶክተር ይስማው ቀድመው ገቡ። ከኋላቸው አጭር፣ ሹራብ የደረቡ፣ ከዘራ የያዙ ሴት መጡ። ፕሮፌሰር የሺመቤት ማለት እሳቸው ናቸው። የጠረጴዛውን ዳር ይዘው ቀስ እያሉ እያንዳንዱን ቅጠል እንደ ዘመድ እየተሰናበቱት አለፉ። ለአንዳንዱም «ይህችን ወባ ይዞኝ ነው የለቀምኋት» እያሉ ያወራሉ። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይህችስ? ምልክቷ የት አለ?»

ዶክተሩ ወደኔ ዞሩ። «ትርንጎ!»

እንዴት እንደጀመርሁት አላስታውስም። ከውሃው ጀመርሁ፣ ወረቀቶቹ እንደወደቁ፣ ሰሌን ጠቅልዬ ዳባት እንደወሰድኋቸው፣ አባቴ መሪጌታ መሆናቸውን፣ በሁለት ቀን ቤት ቤታቸውን እንደለየን ነገርኋቸው። የዶክተሩ ፊት መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ ጠቆረ።

«ውሃ? ቅጠሎቹን ውሃ ረጨሽባቸው? ከግቢም አወጣሻቸው?» ወደ ፕሮፌሰሯ ዞሩ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ...»

«ቆይ እስቲ ይስማው» አሉ ፕሮፌሰሯ። ዓይናቸው ከኔ አልተነቀለም። «አሥራ ሦስቱን አይቻለሁ፣ አንድ ስህተት የለባቸውም። ታዲያ የመጨረሻዋን ምነው ሳታስሪ ቀረሽ? አንድ ወረቀት ተርፎሽ የለም ወይ?»

«አዎ።»

«አስረሽው ቢሆን እኮ እዚህ የቆመ ሰው ሁሉ ምንም አያውቅም ነበር።»

«እኔና አባቴ እናውቃለን» አልሁ። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። «ፕሮፌሰር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህች አክሮኮሚያ አይደለችም። የአሜሪካም አይደለችም። እጥፋቷ ወደ ላይ ነው፤ እሾኋም ቅጠል የነበረ ነው። የተምር ወገን ናት፤ የኛ የሆሳዕና ዘንባባ ዘመድ።»

ዶክተር ይስማው በእጃቸው ግንባራቸውን ያዙ። ፕሮፌሰሯ ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ቅጠሏን አንስተው ከግርጌዋ ጀምረው በአውራ ጣታቸው ዳሰሷት። ልክ እንደ አባቴ። አንዷን ቅጠል ከዘንጉ ዘንድ ይዘው እጥፋቷን ከፈት አደረጉና እንደዚያው ይዘዋት ቀሩ።

«ከአንድ ከተማ መናፈሻ ነው የቆረጥኋት» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ዝግ ብሎ። «ወደ አገሬ ልመለስ ሻንጣዬ ተዘጋጅቶ፣ መኪናው ደጅ ቆሞ። አክሮኮሚያ ጎድሎኝ ነበርና እሾህ አየሁ፣ አሥራ አራት ሞላልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ሰው ተክሏት ይሆናል ብዬ አልጠረጠርሁም። ይኸው ስንት ዘመን አስተማርሁባት!» ከዚያ ሳቁ። እውነተኛ ሳቅ፣ ከሆድ የወጣ። «አባትሽ ምን ያስተምራሉ አልሽኝ?»

«ግስና ቅኔ።»

«እንዲያ ነው እንጂ! ይስማው፣ ወረቀት ስጠኝ።»

የቆየውን ወረቀት ልጥል ሳነሣው ከለከሉኝ። «አይጣልም ልጄ። በኛ ሥራ የተሳሳተ ስም አይቀደድም፤ የታረመው ከጎኑ ይለጠፋል፣ ያረመውም ሰው ስም ይጻፍበታል። የኔም ስህተት ከነስሜ ይቀመጥ።» በእጃቸው አዲሱን ስም ጻፉ። ከሥሩ «የለየችው» ብለው ሁለት ነጥብ አደረጉና ቀና አሉ። «ስምሽ?»

«ትርንጎ። ግን የለዩት አባቴ ናቸው። የሳቸውን ይጻፉልኝ።»

«የአባትሽ ስም ማን ነው?»

«ስመኘው።»

«ትርንጎ ስመኘው» እያሉ ጻፉ። «ይኸው፣ ሁለታችሁም ገባችሁ። ለኛ ለኢትዮጵያውያን አንድ ስም ለሁለት ሰው ይበቃል።»

ዶክተር ይስማው ማስጠንቀቂያ ጽፈውብኛል፤ አይገባኝም አልልም። መደርደር ብቻ በተባልሁት ነገር ላይ ውሃ አርከፍክፌያለሁ፣ የግቢ ንብረት አውጥቻለሁ። ከማስጠንቀቂያው አንድ ወር በኋላ ደግሞ የቋሚነት ደብዳቤዬን የፈረሙት እሳቸው ናቸው። «ማስጠንቀቂያውን አላነሣልሽም» አሉኝ ሲሰጡኝ። ሁለቱንም በአንድ ፋይል አስቀምጫለሁ። ከዚያ በኋላ በሳምንቱ መጨረሻ መርሐ ግብር ተምሬ በዕፅዋት ሳይንስ ተመረቅሁ። ዛሬ ያን ክፍል የምመራው እኔ ነኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ የቄስ ልጆች፣ የገበሬ ልጆች፣ የሸማኔና የአንጥረኛ ልጆች፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከቤት የተማራችሁትን በር ላይ አውልቃችሁ አትግቡ። እኔ ሁለት ወር ሙሉ አውልቄ ስገባ ብርጭቆ አጣቢ ብቻ ነበርሁ። ያዳነኝ ከአሜሪካ የመጣ ዕውቀት ብቻ አይደለም፣ የአባቴም ብቻ አይደለም፤ ሁለቱ ሰሌን ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው። ደግሞም ቁጥር ሞላ ብላችሁ ያላመናችሁበትን ስም በክር አትሰሩ። የሚያሳፍረው ባዶ መተው አይደለም።

ባለፈው ዓመት አባቴ ለሕክምና ደባርቅ መጥተው ወደ ሥራ ቦታዬ ወሰድኋቸው። አሥራ አራተኛዋ ቅጠል መስታወት ውስጥ ናት፤ ሁለቱም ወረቀቶች ከጎኗ አሉ። አባቴ ፊታቸውን መስታወቱ ላይ ሊያስነኩ ደርሰው አዲሱን ወረቀት አነበቡት። እያነበቡ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። በሕይወታቸው «ጎበዝ» ብለውኝ አያውቁምና ምን ሊሉ ነው ብዬ ልቤ ተሰቅሏል።

«መሪጌታ የሚለውን አስቀርተውታል» አሉ።

«እዚህ ላይ ማዕረግ አይጻፍም አባየ። ፕሮፌሰሯም በቆየው ወረቀት ላይ የጻፉት ስማቸውን ብቻ ነው።»

ጎንበስ ብለው የቆየውን ወረቀት ፈለጉት። ከግርጌው የሺመቤት ይላል፣ ማዕረግ የለበትም። ቀና አሉ፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ።

«እንግዲያማ እኩያ ነን» አሉና ቀድመውኝ ወጡ።